ቲቸርን ጠይቁ፦ «አር» የምትባል ፊደል ከየት መጣች?

የምርቃት ወቅት ሲቃረብ የዚህ ዓምድ ደብዳቤ መልኩ ይቀየራል። ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ውሃ ማጣሪያ የሚጠይቁኝ ይቀንሳሉ። ጅማ ውስጥ ካፌ የገባ ሁሉ ላፕቶፕ ዘርግቶ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያርም ይመስላል። በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ስለ ዲኤንኤ ናቸው። ሌላውን ለሚቀጥለው አቆይቼ እነሱን ብቻ ላንሳ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ። ስም አላወጣሁም።

«ቲቸር እንደምን ነዎት? የባዮሎጂ ተመራቂ ነኝ። ጅማ ዙሪያ ካሉ የተለያዩ ቦታዎች የቡና ቅጠል ሰብስቤ ዲኤንኤ አወጣሁ። ዓላማዬ የቡና ዝርያዎቹን መለየት ነው። አርቢሲኤል የሚባለውን ጂን በፒሲአር አባዛሁ፤ ከዚያ ውጭ አገር ተልኮ ተነበበ። አማካሪዬ ውጤቱን በፋይል ላከልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም። ግራ የገባኝ ነገር ብዙ ነው። ዲኤንኤ አራት ፊደል ብቻ ነው ብለን ተምረን ፕራይመሬ ውስጥ ‹አር› የሚል ፊደል አለ። ፋይሉ ውስጥም ‹ኤን› ሞልቷል። የኋላውን ፕራይመር ፋይሉ ውስጥ ብፈልገው ደግሞ የለም። ከሁሉ የባሰው፣ ናሙናዎቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ሆኑብኝ። ተበላሽቶብኝ ይሆን?» — ከቆጪ

አልተበላሸብሽም ልጄ። ፋይል ልኮ ስልክ አለማንሳት ግን ማማከር አይባልም። ይቺን ካልኩ ይበቃኛል፤ ወደ ጥያቄሽ።

አራት ፊደል ነው የተባልሽው ልክ ነው። አዴኒን፣ ታይሚን፣ ጓኒንና ሳይቶሲን፤ በአጭሩ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ። አምስተኛ የለም። አር እና ኤን ቅጠሉ ውስጥ አይገኙም። አንድ ቦታ ላይ ከአንድ በላይ ፊደል ሊኖር ሲችል እኛ የምንጽፋቸው ምልክቶች ናቸው። አር ማለት «እዚህ ላይ ኤ ወይም ጂ» ማለት ነው። ዋይ ማለት «ሲ ወይም ቲ»። ኤን ከሆነ ከአራቱ የትኛውም ሊሆን ይችላል።

ፕራይመር ጂኑ ከየት እስከ የት እንደሚባዛ የሚወስን አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ ነው፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ፕራይመርሽ ላይ ያለችው አር ሆን ተብላ የገባች ናት። ለዚህ ጂን በየላብራቶሪው የሚሠራበት የኋላ ፕራይመር መጨረሻው ሲ-ሲ-አር-ሲ-ጂ ነው። ለቡና ብቻ የተሠራ አይደለም፤ ለብዙ ዓይነት ተክል እንዲያገለግል የተሠራ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ተክሎች ይለያያሉ። ስለዚህ አምራቹ ሁለቱንም ቀላቅሎ ይሠራዋል። ቱቦሽ ውስጥ ኤ የያዘም ጂ የያዘም ፕራይመር አለ፤ ከቅጠልሽ ጋር የሚስማማው ይጣበቃል።

ፋይሉ ውስጥ ያለው ኤን ግን ማሽኑ መወሰን ያቃተው ቦታ ነው። የተነበበልሽ በሳንገር ዘዴ ይመስለኛል። ፍሬድሪክ ሳንገር በፈረንጅ 1977 ያወጣው ዘዴ ነው፤ ለአጭር ቁራጭ ዛሬም የሚተካው የለም። አንድ ንባብ ከ700 እስከ 900 ፊደል ቢደርስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት አሥር ፊደሎች ይዝረከረካሉ፤ መጨረሻው ላይም ይደበዝዛል። ኤን የሚበዛው እነዚህ ሁለት ጫፎች ላይ ነው። ለዚያ ነው አማካሪሽ የጽሑፉን ፋይል ብቻ መላኩ ያናደደኝ። ኤቢ1 በሚል ቅጥያ የሚያልቀውን ዋናውን ፋይል ጠይቂው። እሱን ስትከፍቺ ክሮማቶግራሙን ታያለሽ፦ አረንጓዴው ኤ፣ ቀዩ ቲ፣ ሰማያዊው ሲ፣ ጥቁሩ ጂ። ከየፊደሉ ጋር የጥራት ቁጥርም አለ። 20 ከሆነ ከመቶ አንድ ጊዜ ይሳሳታል ማለት ነው። 30 ከሆነ ከሺህ አንዴ።

ጫፍና ጫፍ ላይ የተከማቸውን ኤን ቁረጪው። መሃል ላይ ያለውን ግን ሳታዪ አትቁረጪ። ሁለት ቀለም እኩል ቁመት ኖሮት እላይ በላይ ከወጣ አንድ ነገር እየነገረሽ ነው። በሌላ ጂን ቢሆን «ከእናትና ከአባት የተለያየ ፊደል ወርሷል» እንል ነበር። አርቢሲኤል ግን ክሎሮፕላስት (ቅጠሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሴል ክፍል) ውስጥ ያለ ጂን ነው። እዚያ በተለምዶ አንድ ዓይነት ቅጂ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ስለዚህ መሃል ላይ ጥርት ያለ ድርብ ቀለም ካየሽ መጀመሪያ ጠርጥሪ። የዋንዛ ቅጠል በቆረጠ መቀስ ቡና ተቆርጦ ይሆናል።

አሁን ወደጠፋው ፕራይመር። አለ፤ የተቀመጠው ግን ተገልብጦ ነው። የዲኤንኤ ሁለት ክሮች ይጣመራሉ፤ ኤ ከቲ፣ ጂ ከሲ። አቅጣጫቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንደኛው ጫፍ ፋይቭ ፕራይም፣ ሌላው ስሪ ፕራይም ይባላል። ቁጥሮቹ ስኳሩ ላይ ያሉ ካርቦኖች መለያ ናቸው። ፋይል ሲጻፍ ከፋይቭ ፕራይም ጀምሮ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ። ያውም አንዱ ክር ብቻ ነው የሚጻፈው። ሌላውን ራስሽ ታወጪዋለሽ ተብሎ ይተዋል።

የጂንሽ መጀመሪያ ኤ-ቲ-ጂ-ቲ-ሲ-ኤ-ሲ-ሲ-ኤ ነው። ትይዩውን ከሥሩ ጻፊ፦ ቲ-ኤ-ሲ-ኤ-ጂ-ቲ-ጂ-ጂ-ቲ። ይህ ክር በራሱ አቅጣጫ የሚነበበው ግን ከቀኝ ነው። ስለዚህ ትገለብጪዋለሽ፦ ቲ-ጂ-ጂ-ቲ-ጂ-ኤ-ሲ-ኤ-ቲ። ሪቨርስ ኮምፕሊመንት የሚሉት ይህንን ነው። ሁለት ሥራ ነው፤ ማጣመርና መገልበጥ። ተማሪ አንዱን ሠርቶ ሌላውን ይረሳል።

የኋላ ፕራይመርሽ የሚጀምረው በጂ-ቲ-ኤ-ኤ-ኤ-ኤ ነው። እንዳለ ብትፈልጊው አታገኚውም። ፋይሉ መጨረሻ አካባቢ ቲ-ቲ-ቲ-ቲ-ኤ-ሲ ብለሽ ፈልጊ። አሯም ስትገለበጥ ዋይ ትሆናለች። የፊቱን ፕራይመርም ካጣሽው አትደንግጪ። ንባቡ የሚጀምረው ከፕራይመሩ በኋላ ስለሆነ ራሱ ፕራይመሩ አይነበብም። በሁለቱም በኩል ተነብቦ ከተጋጠመ ብቻ ነው ሁለቱንም የምታገኚው።

አቅጣጫው ለምን ይህን ያህል አስጨነቀን? ጂን የሚነበበው ሦስት ሦስት እየተደረገ ነው። እያንዳንዷ ሦስት ፊደል ኮዶን ትባላለች። 64 ኮዶን አለ። የሚያወጡት 20 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ጡቦች) ነው፤ ሦስቱ ኮዶኖች ደግሞ «አቁም» ይላሉ፦ ቲ-ኤ-ኤ፣ ቲ-ኤ-ጂ፣ ቲ-ጂ-ኤ። ያንቺ ጂን ኤ-ቲ-ጂ ብሎ ይጀምራል፤ ሜታዮኒን። ቀጥሎ ቲ-ሲ-ኤ፣ ሴሪን። ከዚያ ሲ-ሲ-ኤ፣ ፕሮሊን። እያለ ይቀጥላል። የተገለበጠውን ክር ብታነቢ ግን ቲ-ጂ-ጂ ብሎ ሁለተኛው ላይ ቲ-ጂ-ኤ ይመጣል። ገና ሳይጀምር «አቁም» አለሽ። ወደ ፕሮቲን ስትለውጪው በየቦታው «አቁም» ከሞላ ወይ ክሩ አይደለም፣ ወይ የጀመርሽበት ፊደል አይደለም። በአንዱ ክር ሦስት መጀመሪያ፣ በሌላው ሦስት መጀመሪያ አለ። ስድስቱንም ሞክሪ።

አሁን ትልቁ ጥያቄሽ። ናሙናዎቹ ለምን አንድ ሆኑ? አንድ ስለሆኑ ነዋ! አርቢሲኤል ሩቢስኮ የሚባለውን ኤንዛይም ትልቁን ክፍል የሚሠራ ጂን ነው። ተክሉ ከአየር ካርቦን የሚይዝበት ኤንዛይም ነው። ይህ ከተነካ ተክሉ አይኖርም። ስለዚህ ፊደሎቹ በጣም ቀስ ብለው ነው የሚቀየሩት። ቡናን ከዋንዛ ለመለየት ግሩም ነው። የጎማን አራቢካ ከሊሙ አራቢካ ለመለየት ግን አይረዳም። ብላስት (ፊደሎችሽን ከታወቁ ዲኤንኤዎች ጋር የሚያስተያየው የኢንተርኔት መፈለጊያ) ላይ ስታስገቢው አራቢካ ብቻ ሳይሆን የቡና ዘመዶችም በተመሳሳይ ነጥብ ከላይ ቢደረደሩልሽ አይግረምሽ። መቶ በመቶ የሚለውን ከማየትሽ በፊት ምን ያህሉ ርዝመት እንደተነጻጸረ እዪ።

ፊደሎቹ ለብቻቸው ብዙ አይነግሩሽም። የትኛው ቦታ ላይ እንዳሉና ከምን ጋር እንዳስተያየሻቸው ነው ወሳኙ። ዝርያ ለመለየት ኒውክለሱ (የሴሉ እምብርት) ውስጥ ያሉ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡ ቦታዎች ያስፈልጉሻል። አንደኛው ማይክሮሳተላይት ነው፤ እንደ ኤ-ጂ-ኤ-ጂ-ኤ-ጂ ያለ ድግግሞሽ፣ ከዛፍ ዛፍ ቁጥሩ የሚለያይ። ሌላው ስኒፕ ነው፤ አንዲት ፊደል የምትለያይበት ቦታ። ጊዜና ገንዘብ ካለቀብሽ ግን ርዕስሽን አስተካክዪና ያገኘሽውን ጻፊ፦ ናሙናዎቹ ቡና መሆናቸው ተረጋግጧል፤ ይህ ጂን የጅማን ቡናዎች አይለይም። ይህም ውጤት ነው። ፈታኞችሽ ቢያጉረመርሙ እኔን ጥሪ።

«ይድረስ ለቲቸር። አጋሮ አካባቢ የቡና ገበሬ ነኝ። 74110 የተባለው ምርጥ ዘር አለኝ። ጎረቤቴ ደግሞ አባቡና የተባለውን ድቅል ተክሏል፤ ምርቱ ያስቀናል። የኔን ቀይ ቡና ለቅሜ ችግኝ ባፈላ እናቱን ይመስላል ይሉኛል። ከጎረቤቴ ዘር ብወስድ ግን እንደ እናቱ አይሆንልህም ይላሉ። ሁለቱም ከመልኮ፣ ከጅማ ግብርና ምርምር፣ የወጡ አይደሉም ወይ? ወይስ ዘሩን እንዳንወስድ ነው?» — ከአጋሮ

ጋሼ፣ ማንም አልሸወደዎትም። ጎረቤትዎም ክፉ አልሆነም።

መጀመሪያ ስለርስዎ ቡና። 74 የሚለው ቡናው የተመረጠበት የፈረንጅ ዓመት ነው፤ 1974። ያን ጊዜ ሲቢዲ የተባለው የቡና ፍሬ በሽታ ገና አገር ውስጥ መግባቱ ነበር፤ በ1971 ነው የታየው። ፍሬውን በእሸቱ እያጠቆረ ያረግፈው ነበር። የጅማ ግብርና ምርምር ሰዎች ሁሉ ሲታመም ያልታመሙትን ዛፎች ከየቦታው እየመረጡ ዘር ሰበሰቡ፤ በሽታውንም እያስነኩ ፈተኗቸው። እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ አንድ ነገር አለ። ያኔ ማንም የነዚህን ዛፎች ዲኤንኤ አላነበበም። ዓይንና ትዕግሥት ነው የሠራው።

አራቢካ ቡና ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አበባው ሳይፈነዳ ብዙውን ጊዜ የራሱ ዱቄት ደርሶታል። ይህ ለትውልድ ሲደጋገም ምን ይሆናል? እያንዳንዱ ጂን ሁለት ቅጂ አለው፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። የቅጂዎቹ ልዩ ልዩ መልክ አሌል ይባላል። ሁለቱ አሌሎች አንድ ዓይነት ከሆኑ ሆሞዛይገስ፣ ከተለያዩ ሄትሮዛይገስ እንላለን። ራሱን የሚያዳቅል ተክል ውስጥ ሄትሮዛይገስ የሆነው በየትውልዱ በግማሽ ይቀንሳል። ከብዙ ትውልድ በኋላ የቀረው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ዓይነት ጥንድ ነው። እናትም አባትም ያው ዛፍ፣ ጥንዱም አንድ ዓይነት። እንግዲህ ልጁ ከየት አምጥቶ ይለያል? የርስዎ 74110 እንዲህ ነው። አንዳንዴ ንብ ከሌላ ቡና ዱቄት ታመጣለች፤ ስለዚህ ዘር የሚለቅሙት ከማሳው መሃል ይሁን። ሌላ ዓይነት ቡና ካለበት አጥር ዳር አይልቀሙ።

አባቡና ሌላ ነው። ሁለት የተለያዩ ወላጆች በሰው እጅ ተዳቅለው የተገኘ የመጀመሪያ ትውልድ ነው፤ ኤፍ ዋን ይሉታል። ወላጆቹ በተለያዩበት ቦታ ሁሉ አባቡና ሄትሮዛይገስ ነው። ጉልበቱም ከዚያ የመጣ ነው። የአባቡናን ዘር ሲያፈሉ ግን ጥንዶቹ ይበተናሉ። አንድ ጂን ብቻ ብንወስድ ከአራት ችግኝ ሁለቱ እንደ እናታቸው ይሆናሉ። አንዱ ወደ አንደኛው አያት፣ አንዱ ወደ ሌላኛው አያት ይሄዳል። በአሥር የተለያዩ ጂኖች ላይ እንደ እናቱ የሚሆን ችግኝ ቢፈልጉ ግን ከ1,024 አንዱ ነው። ልዩነቱ ከአሥር ጂን ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ አንዱ ረጅም፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ በሽታ የሚችል፣ አንዱ የማይችል ማሳ ይገጥምዎታል። አምስት ዓመት ጠብቀው! ድቅሉን ከፈለጉ በየጊዜው ተዳቅሎ ከተዘጋጀ ዘር ወይም ከቁራጭ የወጣ ችግኝ መግዛት ነው። ቁራጭ የእናቱ ግልባጭ ስለሆነ ጥንዱ አይበተንም።

በዚሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ቡና ሲጠጡ ያወሩታል። አራቢካ ራሱ የጥንት ድቅል ነው። ሮቡስታ የምንለው ቡናና ዩጂኒዮይደስ የሚባል ሌላ የዱር ቡና ተዳቅለው የወጣ ነው። የክሎሮፕላስቱ ዲኤንኤ ሲታይ እናቲቱ ዩጂኒዮይደስ ናት። ሌሎቹ ቡናዎች 22 ክሮሞሶም (ዲኤንኤ የተጠቀለለበት ክር) ሲኖራቸው አራቢካ 44 አለው፤ የሁለቱንም ሙሉ በሙሉ ይዞ ቀረ። ታዲያ ለምን እሱም እንደ አባቡና አይበተንም? የሮቡስታው ወገን ከሮቡስታው፣ የዩጂኒዮይደሱ ከዩጂኒዮይደሱ ጋር እየተጣመረ ስለሚወርድ ነው። ሁለቱ ወገኖች አይቀላቀሉም ማለት ይቻላል።

«ቲቸር፣ ይህን ጥያቄ ለማንም መጠየቅ አልቻልኩም። ባለቤቴ የደም ዓይነቱ ኤ ነው። እኔ ቢ ነኝ። ልጃችን ደም ሊሰጥ ሄዶ ኦ ነህ ተባለ። የባለቤቴ እኅት ሰምታ ነገር ጀምራለች። እሱ ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ግን ከብዶኛል። እውነት ከኤ እና ከቢ ኦ ይወለዳል?» — ከጅማ

ይወለዳል እኅቴ። ያልተለመደ ነገርም አይደለም። ይህን ገጽ ለባለቤትሽም ለእኅቱም አሳዪ።

የደም ዓይነትን የሚወስነው ጂን ዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ነው። ሦስት ዋና ዋና አሌሎች አሉት፦ ኤ፣ ቢ፣ ኦ። (እነዚህ የደም ስሞች እንጂ የዲኤንኤ ፊደሎች አይደሉም፤ ስማቸው መመሳሰሉ ተማሪም ያምታታል።) ባለቤትሽ ኤ ነው ሲባል የሚታየው ኤ ነው ማለት ነው። ውስጡ ያሉት ሁለት ቅጂዎች ኤ እና ኤ፣ ወይም ኤ እና ኦ ሊሆኑ ይችላሉ። ተራው የደም ምርመራ ሁለቱን አይለይም። የሚታየው ባሕርይ ፌኖታይፕ፣ ውስጥ ያለው ጥንድ ጂኖታይፕ ይባላል። ኦ ከኤ ወይም ከቢ ጋር ሲሆን ስለማይታይ ሪሴሲቭ ነው። አንቺም ቢ እና ኦ ልትሆኚ ትችያለሽ። እሱ ኦውን ሰጠ፣ አንቺም ኦውን ሰጠሽ፤ ልጁ ኦ ሆነ። ሁለታችሁም እንዲህ ከሆናችሁ በየእርግዝናው ኦ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ የመሆኑም እንደዚያው።

ኦ ለምን አይታይም? ይህ ለኔ ከዘረመል ሁሉ የሚያስደንቀኝ ነው። በብዛት የሚገኘው የኦ አሌል ከኤ አሌል የሚለየው በዋናነት አንዲት ጂ ጎድላው ነው። አንዲት ፊደል! ከላይ እንዳልኩት ጂን ሦስት ሦስት እየሆነ ነው የሚነበበው። «አበበ በሶን በልቶ ጠግቦ» የሚለውን ውሰጂ፤ ሁሉም ባለ ሦስት ፊደል ነው። «ን»ን አውጥተሽ ሦስት ሦስቱን እንደገና ክፈዪው፦ «አበበ በሶበ ልቶጠ ግቦ»። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፈረሰ። ጂኑም እንዲሁ ሆኖ ቶሎ «አቁም» የሚል ኮዶን ላይ ይደርስና ፕሮቲኑ ተቆርጦ ይቀራል። የኤ ኤንዛይም ቀይ የደም ሴል ላይ አንድ ዓይነት ስኳር ይለጥፋል፤ የቢ ሌላ ዓይነት። የኦ ምንም አይለጥፍም። ስለዚህ ከኤ ጋር አብሮ ሲኖር የኤ ሥራ ብቻ ነው የሚታየው።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ከወላጆች አንዱ ኤቢ ሆኖ ልጅ ኦ ከሆነ፣ ወይም ሁለቱም ኦ ሆነው ልጅ ኤ ከሆነ በተለምዶ አይጠበቅም። ያኔም ቢሆን መጀመሪያ ምርመራው ይደገም። የመመዝገብ ስህተት አለ፤ እምብዛም የማያጋጥሙ አሌሎችም አሉ። የልጅ አባትነት በደም ዓይነት አይወሰንም። የዲኤንኤ ምርመራ የሚባለው ለዚህ ነው፤ እሱም ለተማሪዋ የነገርኳትን ዓይነት ድግግሞሽ በብዙ ቦታ ቆጥሮ ያስተያያል። አንቺ ግን ያን የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም። የባልሽን እኅት ቡና ጥሪያትና ይህን አንብቢላት።

«ሰላም ቲቸር። የአጎቴ ልጅ አሜሪካ ነው። ምራቁን ለአንድ ድርጅት ልኮ ‹የዘር ሐረግ› የሚል ወረቀት በፐርሰንት አመጡለት። ከዓመት በኋላ ደግሞ ፐርሰንቱ ተቀየረ። እኅቱ ስታስመረምር ሌላ ቁጥር ወጣላት። ቤተሰቡ ተጨቃጭቋል። አያቶቻችን የሚነግሩን ሌላ ነው። የቱን እንመን?» — ከፈረንጅ አራዳ

ምራቁ አልተቀየረም ወንድሜ። የተቀየረው ማነጻጸሪያው ነው።

የሰው ዲኤንኤ በአንድ ቅጂ ሦስት ቢሊዮን ያህል ፊደል ነው። እነዚህ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ሁሉንም አያነቡም። ሰው ከሰው እንደሚለያይባቸው የታወቁ ብዙ መቶ ሺህ ቦታዎችን ብቻ ያያሉ። ከዚያ እጃቸው ላይ ካሉ ሰዎች ጋር ያስተያያሉ። ከኛ አካባቢ ጥቂት ሰው ካላቸው ቅርብ የመሰላቸውን ይሰጡታል። ሰው ሲጨምሩ ፐርሰንቱ ይንቀሳቀሳል። እኅቱ መለየቷም ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ከእናትና ከአባት ግማሽ ግማሽ ወርሰዋል፣ ግማሹ ግን ያው ግማሽ አይደለም። ብሔር ወይም ቋንቋ የተጻፈባት ፊደል ደግሞ የለችም። ቋንቋ ከእናት ጉልበት ሥር ነው የሚወረሰው።

ማነጻጸሪያ ምን ያህል እንደሚያታልል ለማየት ሩቅ አትሂድ። ጋሞ ደጋ ላይ ሞታ የሚባል ዋሻ አለ። በፈረንጅ 2012 እዚያ 4,500 ዓመት ገደማ የሆነው የሰው አጽም ተገኘ። ከውስጠኛው ጆሮ አጥንት ዲኤንኤ አወጡ፤ ሙሉ ጂኖሙ (የዲኤንኤው ሁሉ ንባብ) በ2015 ታተመ። ከአፍሪካ ጥንታዊ አጽም እንዲህ ሙሉ ሆኖ ሲነበብ የመጀመሪያው ነበር። ተመራማሪዎቹ ከዛሬ ሰዎች ጋር አስተያዩትና ከዩራሲያ ወደ አፍሪካ የተመለሰ ደም አህጉሩን ሁሉ አዳርሷል አሉ። ዓለም አወራለት። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ራሳቸው እርማት አወጡ። ፋይሎቹን ሲያዋህዱ አንድ የመቀየሪያ ፕሮግራም ሳይሠራ ታልፏል። በዚህ ምክንያት የሞታው ሰው ከማመሳከሪያው የሰው ጂኖም ጋር በሁለቱም ቅጂው የሚመሳሰልባቸው ቦታዎች «መረጃ የለም» ተብለው ወጡ። የሚመሳሰልበት ሲጣል የሚለይበት ብቻ ቀረ። ሲታረም ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ያሉት ጸና፤ መላው አፍሪካ ያሉት ግን ወደቀ። የአጽሙ ፊደሎች ሁለቱም ጊዜ ያው ነበሩ።

ስለዚህ አያቶቻችሁን ወረቀት ይዛችሁ አትከራከሯቸው። የሚነግሯችሁ ስም፣ አገርና ጋብቻ ነው፤ ምራቅ ውስጥ አይገኝም። መቅጃ ያዙና ድምፃቸውን ቅዱ።

«ቲቸር፣ ወንድሜ አክታ ሰጥቶ ጂን ኤክስፐርት በሚባል ማሽን ተመረመረ። ወረቀቱ ‹ኤምቲቢ ዲቴክትድ፣ ሪፍ ሬዚስታንስ ኖት ዲቴክትድ› ይላል። አንዱ አለ፣ አንዱ የለም ይላል። እንዴት ነው? የሱ ጂን ነው የተመረመረው?» — ከሰርቦ

የሱ አይደለም፤ የባክቴሪያው ነው። ማሽኑ አክታው ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ዲኤንኤ ፈልጎ አግኝቷል። የመጀመሪያው መስመር ይህ ነው፤ ቲቢ አለበት። ሁለተኛው መስመር ሪፋምፒሲን ስለሚባለው ዋና መድኃኒት ነው። ባክቴሪያው ይህን መድኃኒት የሚቋቋመው አርፒኦቢ የሚባል ጂኑ ሲቀየር ነው። ለውጡ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው 81 ፊደል ብቻ ያላት ክፍል ውስጥ ስለሆነ ማሽኑ እሷን ያያል። «ኖት ዲቴክትድ» ማለት እዚያ ለውጥ አላየሁም ማለት ነው፤ መድኃኒቱ ይሠራለታል ተብሎ ይጠበቃል። ደስ የሚል ወረቀት ነው።

ከወር በኋላ ግን «ድኜ እንደሆነ ልይ» ብሎ በዚያው ማሽን ልመርመር እንዳይል። የሞተ ባክቴሪያም ዲኤንኤ ይተዋል፤ ማሽኑ የሞተውን ከቆመው አይለይም። ክትትሉ በሌላ የአክታ ምርመራ ነው። ጤና ጣቢያው በቀጠረው ቀን ሄዶ አክታውን ይስጥ፤ ክኒኑን ደግሞ ሳል ቢተወውም እንዳያቋርጥ።